«35 ስቴጅ» ምንም አይነግረንም፦ ለሰሜን ዳኮታ ኢንዱስትሪ ኮሚሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ሰሜን ዳኮታ ኢንዱስትሪ ኮሚሽን፣ የዘይትና ጋዝ ክፍል
ቢስማርክ

ጉዳዩ፦ የጉድጓድ ማጠናቀቂያ ሪፖርት የፍራክ ዘዴውን በዝርዝር እንዲይዝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚሽኑ አባላት፣

በባከን (በግዛታችሁ ባለው የዘይት ንብርብር) አንድ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፍራክ ከተደረገ (ፈሳሽና አሸዋ በከፍተኛ ግፊት ገብቶ ዐለቱ ከተሰነጠቀ) በኋላ ኦፕሬተሩ፣ ማለትም ጉድጓዱን የሚያስተዳድረው ኩባንያ፣ ለክፍላችሁ ሪፖርት ያስገባል። ስለ ፍራኩ የሚሞላው ጥቂት ነገር ነው፦ ቀኑ፣ የተሰነጠቀው ንብርብር፣ ከየት እስከ የት ጥልቀት እንደሆነ፣ የስቴጅ ብዛት (አግድሙ ጉድጓድ ተራ በተራ ፍራክ የሚደረግበት ክፍል ስቴጅ ይባላል)፣ የፈሳሹ መጠን፣ የአሸዋው ክብደት በፓውንድ፣ ከፍተኛው ግፊትና ከፍተኛው የፓምፕ ፍጥነት። ከሥር ለዝርዝር የተተወ ቦታ አለ፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የአሸዋው ዓይነትና መጠን ነው። ጉድጓዱ በስሊቭ (በቱቦው ላይ ተንሸራቶ በሚከፈት በር) ይሁን በፕለግ ኤንድ ፐርፍ (ቱቦውን እየደፈኑ በመብሳት)፣ ላይነሩ (አግድሙ ውስጥ የሚገባው ቱቦ) በሲሚንቶ የታሰረ ይሁን በፓከር (ከቱቦው ውጪ ያለውን ክፍተት በሚዘጋ መድፈኛ) ብቻ የተከፋፈለ፣ ቢጻፍ እንኳ በአንድ ቃል የሚታለፍ ነው። በአንድ ስቴጅ ስንት ክላስተር (በአንድ ቦታ የተበሱ ቀዳዳዎች ስብስብ)፣ በክላስተሩ ስንት ቀዳዳ፣ ከታቀደው ስንቱ በእርግጥ እንደሠራ ግን ከሪፖርቱ አይገኝም። የምንጠይቃችሁ ይህ እንዲጨመር ነው።

የእንግሊዝኛው ቅጂ ለጽሕፈት ቤታችሁ የሚላክ ሲሆን ይህን በአማርኛ የምናወጣው አሸዋና ውኃ ለሚያጓጉዙት፣ ፓምፕ ለሚያንቀሳቅሱት፣ በጉድጓድ ላይ ትንሽ ድርሻ ለመግዛት ለሚያስቡት ወገኖቻችን ነው። «ይኼኛው ዘዴ ከዚያኛው 30 በመቶ ይበልጣል» የሚል የሽያጭ ወረቀት የሚቀርብላቸው ሰዎች ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማየት አለባቸው።

በስቴጅ እንጀምር። 10,000 ጫማ አግድም ርዝመት ያላቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ እንበል፤ የሁለቱም ሪፖርት «35 ስቴጅ» ይላል። አንደኛው በኳስ በሚከፈት ስሊቭ የተጠናቀቀ ነው። አንድ ስቴጅ አንድ መውጫ ስለሆነ ፈሳሹ ከቱቦው የሚወጣው በ35 ቦታ፣ በየ286 ጫማው ነው። ሁለተኛው በአንድ ስቴጅ 6 ክላስተር ያለው ፕለግ ኤንድ ፐርፍ ነው፤ መውጫው 210፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ 48 ጫማ ገደማ ይሆናል። የአሸዋው ድምርም እንዲሁ ያሳስታል። በመጀመሪያው ውስጥ 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከገባ ለአንድ መውጫ 100,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ በሁለተኛው 10 ሚሊዮን ቢገባ ለአንድ መውጫ የሚደርሰው 48,000 ያህል ነው። በጠቅላላው በሦስት እጥፍ ግድም የሚበልጠው ጉድጓድ በአንድ መውጫ ሲታይ ከግማሽ በታች ነው። እነዚህን ሁለት ጉድጓዶች በስቴጅ ብዛት አስተካክሎ ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ ዛሬ ግን ከመዝገባችሁ ተነስቶ የሚሠራ ሰው ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም።

ዘዴዎቹ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚለያዩ ካልታየ ደግሞ የትኛው ቁጥር መጠየቅ እንዳለበት ግልጽ አይሆንም።

በባከን የተለመደው 7 ኢንች ኬዚንግ (ጉድጓዱን የሚደግፍ የብረት ቱቦ) ጉድጓዱ ወደ አግድም እስከሚዞርበት መታጠፊያ ማብቂያ ወርዶ በሲሚንቶ ይታሰራል። ከዚያ ወዲያ በመካከለኛው ባከን ውስጥ፣ ከምድር በታች 10,000 ጫማ ገደማ ላይ በሚሄደው 6 ኢንች አካባቢ ስፋት ባለው አግድም ጉድጓድ፣ 4½ ኢንች ላይነር ይገባል። (መካከለኛው ባከን በትክክል ሲነገር ሼል አይደለም፤ በላይኛውና በታችኛው ሼል መካከል የተጋደመ ደቃቅ አሸዋና ዶሎማይት የበዛበት ዐለት ነው፤ ዘይቱን የሚያመነጩት ግን ሁለቱ ሼሎች ናቸው።)

ፕለግ ኤንድ ፐርፍ ከመጨረሻው ጫፍ ይጀምራል። ጫፉ ላይ በግፊት የሚከፈት ስሊቭ ይቀመጣል። እሱ እንቢ ካለ ፈሳሽ የሚሄድበት ስለሌለ መሣሪያ በፓምፕ ገፍቶ ማድረስ አይቻልም፤ ኮይልድ ቱቢንግ (ከጥቅልል እየተፈታ የሚወርድ ቀጭን የብረት ቱቦ) መጥቶ የመጀመሪያውን ቀዳዳ መብሳት አለበት። ጫፉ ከተከፈተ ዋየርላይን (የብረት ገመድ) ኮምፖዚት ፕለግ (ቱቦውን የሚደፍን፣ በኋላ የሚፈጭ ውታፍ)፣ መትከያውንና መብሻ ጠመንጃዎቹን በአንድ ላይ ይዞ ይወርዳል። ቀጥ ባለው ክፍል በክብደቱ ይሄዳል፤ አግድሙ ላይ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 በርሜል ውኃ ይገፋዋል። እዚህ ላይ ገመዱን የሚለቀውና ፓምፑን የያዘው ካልተናበቡ ገመዱ ከመሣሪያው ራስ ላይ ይበጠስና ጠመንጃው ከነ ፈንጂው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ፕለጉ በቦታው ከተተከለ በኋላ ጠመንጃዎቹ ወደ ኋላ እየተሳቡ በየክላስተሩ ይተኮሳሉ፣ ገመዱ ይወጣል፣ ኳስ ተለቆ ፕለጉ ላይ ይቀመጥና ቀድሞ የተሠራውን ስቴጅ ይዘጋል።

ከዚያ ፓምፕ ነው። ቀዳዳውን የሚያጸዳ ጥቂት 15 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይቀድማል። ስንጥቁን የሚከፍት አሸዋ የሌለው ፈሳሽ ይከተላል፤ ቀጥሎ በጋሎን ከ0.25 ፓውንድ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ 2.5 ወይም 3 ፓውንድ የሚያድግ አሸዋ ይገባል፤ በመጨረሻ ቱቦውን የሚያጥብ ንጹሕ ውኃ። ፍጥነቱ በደቂቃ 80 በርሜል አካባቢ ነው። አሸዋው ስንጥቁ ከሚቀበለው በላይ ከፈጠነ ስክሪን አውት ይሆናል፦ ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ይዘላል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ ቱቦው በአሸዋ ይሞላል። በዚህ ዘዴ ብዙውን ጊዜ ጉድጓዱን ወደ ላይ አስተንፍሶ አሸዋውን ማስወጣትና እንደገና መጀመር ይቻላል። ያ ስቴጅ የታቀደለትን አሸዋ ግማሽ ብቻ ወስዶ ቢቀር በሪፖርቱ ላይ ግን ያው አንድ ስቴጅ ሆኖ ይቆጠራል።

የዘዴው ዋና ጥያቄ ፈሳሹ ለስድስቱም ክላስተር እኩል መድረሱ ነው። የዐለቱ ውጥረት ከክላስተር ክላስተር በመቶዎች ፒኤስአይ (በካሬ ኢንች ፓውንድ፣ የግፊት መለኪያ) ስለሚለያይ ፈሳሹ ቀላሉን ይመርጣል። ከአግድም ጉድጓዶች የተወሰዱ የምርት ልኬቶች ከክላስተሮቹ ሲሶ ያህሉ ጥቂት ወይም ምንም እንደማይሰጡ ደጋግመው አሳይተዋል። መድኃኒቱ ቀዳዳውን ማሳነስ ነው፤ በቀዳዳው ላይ የሚጠፋው ግፊት በዐለቱ መካከል ካለው ልዩነት ከበለጠ ፈሳሹ ለመከፋፈል ይገደዳል። ይህ ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ በቀዳዳ ብዛት ካሬና በስፋቱ አራተኛ ርቢ ልክ ይቀንሳል። በ80 በርሜል ፍጥነት፣ 0.38 ኢንች ስፋት ባላቸው 36 ቀዳዳዎች (በክላስተር 6) ውኃ ሲገባ ኪሳራው 840 ፒኤስአይ ያህል ነው። ሌላው ሳይነካ ቀዳዳው ወደ 24 (በክላስተር 4) ቢወርድ 1,890 ይደርሳል። ሁለቱ ጉድጓዶች በመዝገባችሁ ላይ አንድ ናቸው፤ ያው ስቴጅ፣ ያው አሸዋ፣ ያው ፍጥነት። ከመሬት በታች ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። አሸዋ ቀዳዳ ይበላል። 0.38 የነበረው ወደ 0.48 ኢንች ከሰፋ 1,890 የነበረው ወደ 740 ይወርዳል፤ የቀዳዳው ጠርዝም ስለሚለዝብ በተግባር ከዚያ ያንሳል። ጉድጓድ ውስጥ በሚገባ ካሜራ ሲታይ የቱቦው ታችኛው ወገን ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ከላይኞቹ ይልቅ ይበላሉ፤ በስቴጁ ውስጥም ወደ መታጠፊያው የቀረቡት ክላስተሮች ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ የበለጠ አሸዋ እንደወሰዱ ምልክት ያሳያሉ። ሁሉንም ቀዳዳ በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ ላይ መብሳት የተስፋፋው ለዚህ ነው። ስለዚህ የቀዳዳው አቅጣጫ እንደ ብዛቱና እንደ ስፋቱ መጻፍ አለበት እንላለን።

ፕለግም ያፈሳል። መያዣ ጥርሱ ኬዚንጉን በደንብ ካልነከሰ ይንሸራተታል፤ ከተንሸራተተ ወይም ላስቲኩ ከተቀደደ አሸዋ የጫነ ፈሳሽ በጠባብ ክፍተት ሲያልፍ ብረቱን ይቆርጠዋል፤ ለዚያኛው ስቴጅ የታሰበው አሸዋም ቀድሞ ወደተሠራው ይገባል። ከቱቦው ውጪ ሲሚንቶው በአግድሙ ታችኛ ጎን ጭቃ ትቶ ከሆነ ውጤቱ ያው ነው፤ የላይኛው ስቴጅ ፈሳሽ በዚያ ቦይ ወደ ታችኛው ይሸሻል። ከሁሉ በኋላ ፕለጎቹ ተፈጭተው መውጣት አለባቸው። ኮይልድ ቱቢንግ አግድሙ ረዝሞ ሲሄድ በራሱ ላይ ተጠማዝዞ መግፋት ያቆማል፤ ሦስት ማይል በሚሄዱ ጉድጓዶች ብዙ ጊዜ በሪግ (በጉድጓድ ላይ በሚቆም ማማ) የተቀጣጠለ ቧንቧ የሚመጣው ለዚህ ነው። የመጨረሻዎቹ ፕለጎች ሳይፈጩ ቀርተው ጉድጓዱ ወደ ምርት ሊገባ ይችላል፤ ያኔ የጫፉ ጥቂት ስቴጆች ለምርት ያላቸው አስተዋጽኦ አጠራጣሪ ይሆናል። እስከ ምን ያህል ጥልቀት እንደተፈጨ ሳይታወቅ በጫማ የሚሰላ ምርት ዋጋ የለውም።

በኳስ የሚከፈተው ስሊቭ ሌላ ነው። ላይነሩ በሲሚንቶ አይታሰርም፤ በየስሊቩ መካከል ዘይት ሲነካው የሚያብጥ ፓከር አለ። የኳስ መቀመጫዎቹ ከጫፍ ወደ መታጠፊያ እየሰፉ ይመጣሉ። ትንሿ ኳስ ሁሉንም አልፋ ጫፉ ላይ ትቀመጣለች፣ ግፊቱ ስሊቩን ይከፍታል፣ ፍራኩ ይሠራል፣ ቀጥላ የምትለቀቀው ትንሽ የምትበልጠው ኳስ ናት። ፓምፑ ሳይቆም ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልቃል። ዋየርላይን የለም፣ ጠመንጃ የለም፣ መሣሪያ ለመግፋት የሚባክን ውኃ የለም። በጥር ወር ዊሊስተን አካባቢ ውኃ እየሞቀ በሚፈስበት፣ የቆመ ቧንቧ ቶሎ በሚቀዘቅዝበት ቦታ ሳይቆሙ መሥራት ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ የባከን ዓመታት ይህን ዘዴ የወደዱት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ድክመቱ መቁጠሪያው ላይ ነው። በ4½ ኢንች ላይነር ውስጥ መቀመጫዎቹ በ1/16 ኢንች ልዩነት እንኳ ቢደረደሩ የሚገባው 40 አካባቢ ነው። የጫፉ መቀመጫዎች ጠባብ ስለሆኑ ፍጥነቱን ያንቃሉ፤ አሸዋም ይበላቸዋል። ኳስ ሊሰበር፣ በተበላ መቀመጫ ሾልኮ ሊያልፍ፣ ከተራው ውጪ ሊለቀቅ ይችላል፤ ላይ ያለው ሰው የሚያየው በግራፉ ላይ ሊታይ የሚገባው የግፊት ዝላይ መቅረቱን ብቻ ነው። ስክሪን አውት ከሆነ ደግሞ ኮይልድ ቱቢንግ በጠባቦቹ መቀመጫዎች አያልፍም። በሁለት ፓከር መካከል ባለው ሦስት መቶ ጫማ ገደማ ክፍት ዐለት ውስጥ ስንጥቁ የት እንደጀመረ፣ አንድ ይሁን ሦስት፣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ፓከሩ በቂ ቀን ሳያገኝ ሥራው ከተጀመረ ደግሞ ሁለት ስቴጅ አንድ ይሆናል።

ሦስተኛው በኮይልድ ቱቢንግ እየተከፈቱ አንድ በአንድ የሚሠሩ፣ በሲሚንቶ የታሰሩ ስሊቮች ናቸው። ከድንበሩ በላይ በሳስካችዋን፣ ባከን 1,500 ሜትር አካባቢ ብቻ ጥልቀት ባለውና አግድሙ በሚያጥርበት ቦታ፣ ይህ ዘዴ ጥሩ ቦታ አለው። እያንዳንዱ መውጫ የተወሰነለትን አሸዋ ያገኛል። አሸዋ ቢያንቅ በቱቦው ታጥቦ ይወጣል። ኮይሉ ውስጥ የቆመው ፈሳሽ የታችኛውን ግፊት ያለ ሰበቃ ስለሚያሳይ ለእኛ ለቴክኒክ ሰዎች ከሁሉም የሚጣፍጥ መረጃ የሚሰጠው እሱ ነው። በእናንተ ግዛት ያልሰፋው በሁለት ምክንያት ነው፦ ኮይሉ ከ20,000 ጫማ በላይ ርዝመት ባለው ጉድጓድ ጫፍ ላይ መሥራት ይቸግረዋል፤ ፈሳሹ በኮይሉና በኬዚንጉ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ከፕለግ ኤንድ ፐርፍ ፍጥነት በብዙ ያንሳል። ጫፉን በስሊቭ፣ የቀረውን በፕለግ ኤንድ ፐርፍ የሠሩ ድብልቅ ጉድጓዶችም በባከን አሉ፤ በመዝገባችሁ ላይ ግን እነዚህን ለይቶ ማውጣት አድካሚ ነው።

እኛ አቋም የለንም አንልም። ሁለት ማይልና ከዚያ በላይ ለሚሄድ አዲስ ጉድጓድ በሲሚንቶ የታሰረ ላይነር፣ በጥቂትና በጠባብ ቀዳዳ የተሠራ ፕለግ ኤንድ ፐርፍ እንመርጣለን። ነገር ግን ምርጫችንን የሚደግፈው ከመዝገቡ የሚወጣው ንጽጽር ነው ብንል እናጭበረብራለን። ኦፕሬተሮች ከኳስ ስሊቭ ወደ ታሰረ ላይነር በብዛት የተሻገሩት በ2013 እና በ2014 አካባቢ ነው። በዚያው ወቅትና በተከታዮቹ ዓመታት አሸዋው ከጥቂት ሚሊዮን ፓውንድ ወደ 10 ሚሊዮን ጎራ አለ፤ ጄል (የወፈረ ፈሳሽ) ለስሊክ ዋተር (ሰበቃ የሚቀንስ ኬሚካል ለተጨመረበት ቀጭን ውኃ)፣ ሴራሚክ (ሰው ሠራሽ ጠጠር) ለነጭ አሸዋ ቦታ ለቀቁ። (10 ሚሊዮን ፓውንድ 5,000 የአሜሪካ ቶን ነው፤ በሹፌር ቋንቋ ለአንድ ጉድጓድ ከ200 በላይ ጭነት።) የዘይት ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ ሪጎቹ ወደ ማኬንዚ ካውንቲና ወደ ሌሎቹ ምርጥ ቦታዎች ተሰበሰቡ። ዘዴው፣ አሸዋው፣ ፈሳሹና ዐለቱ አብረው ተለወጡ። ከምርቱ ጭማሪ የትኛው ለየትኛው እንደሚሰጥ ለመለየት ቢያንስ የመውጫ ብዛትና ለአንድ መውጫ የደረሰው አሸዋ መታወቅ አለበት።

ምርቱም ቢሆን የሚመዘንበት መንገድ አለ። የመጀመሪያው 24 ሰዓት ምርት የቾኩን (ከጉድጓዱ የሚወጣውን ፍሰት የሚገድበውን መቆጣጠሪያ) ስፋት እንጂ የፍራኩን ጥራት አይነግርም፤ ድርሻ የሚገዛ ሰው በዚያ ቁጥር የሚጀምር ወረቀት ሲያይ ይጠርጥር። በየወሩ የምታወጡት የምርት ዝርዝር የሠራባቸውን ቀናት ጭምር ስለሚይዝ የ12 እና የ24 ወር ድምርን በተሰነጠቀው ጫማ ማካፈል ይቻላል፤ አጠገቡ አሮጌ ጉድጓድ ያለውን ካጠገቡ ምንም ከሌለው መለየትም ይገባል፤ አሮጌው ዘይቱን ስቦ ግፊቱን ስላሳነሰው አዲሱ ስንጥቅ ወደዚያ ያጋድላል።

ይህ ሁሉ የጥናት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ደብዳቤ ባልጻፍን። ዛሬ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ጉድጓዶች እንደገና ፍራክ እየተደረጉ ነው። ለዚያ ሥራ የሚወጣው ዕቅድ በሙሉ የሚወሰነው በአሮጌው አጨራረስ ነው። የኳስ መቀመጫዎች ካሉ መፈጨት አለባቸው፤ ስንት እንደሆኑ፣ ከምን እንደተሠሩና የት እንዳሉ የማያውቅ ሰው የመፍጫ ጥርስ ይጨርሳል። ላይነሩ ካልታሰረ ከውጪው ያለው ክፍት ቦታ አዲሱን ፈሳሽ ወዳሰኘው ይወስደዋል። በ4½ ኢንች ውስጥ 3½ ኢንች አዲስ ላይነር አስገብቶ በሲሚንቶ ማሰር ይቻላል፤ ግን የፓምፕ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ያድጋል። ጉድጓዱ ባለቤት በተቀያየረ ቁጥር ፋይሉ እየሳሳ ስለሚሄድ አዲሱ ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚተማመነው በእናንተ መዝገብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሪፖርቱ የሚከተሉትን እንዲይዝ እንጠይቃለን። ላይነሩ የታሰረ ወይም በፓከር የተከፋፈለ መሆኑ፣ የፓከሮቹ ጥልቀትም። ለእያንዳንዱ ስቴጅ አንድ መስመር፦ ዘዴው፣ የላይና የታች ጥልቀቱ፣ የመውጫው ብዛት፣ የቀዳዳው ብዛት፣ ስፋትና አቅጣጫ፣ የታቀደውና የገባው አሸዋ፣ አማካይ ፍጥነቱና ግፊቱ፣ ፓምፑ እንደቆመ የተነበበው ግፊት። የተዘለለ ስቴጅ፣ ያልተከፈተ ስሊቭ፣ ያፈሰሰ ፕለግ፣ ስክሪን አውት ካለ በግልጽ ይጻፍ። ፕለጎቹ ወይም መቀመጫዎቹ እስከ ምን ጥልቀት እንደተፈጩም እንዲሁ።

ሥራ ይበዛል የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን። ከላይ ከዘረዘርነው አብዛኛው ፍራኩ ባለቀ ማግስት አገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ለኦፕሬተሩ በሚያስረክበው ሰንጠረዥ ላይ አለ፤ ኦፕሬተሩ የሚጨምረው የላይነሩንና የመፍጨቱን ሥራ መዝገብ ነው። ምስጢር ነው ለሚለው ደግሞ ሕጋችሁ አዲስ ጉድጓድን ለስድስት ወር ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ መሸሸግ ያለበት የቀዳዳ ስፋት አናውቅም። የኬሚካሉ ዝርዝር ፍራክፎከስ በተባለው የፍራክ ኬሚካል መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ በይፋ ይወጣል፤ ያ ሆኖ ሳለ የክላስተር ብዛት የሚደበቅበትን ምክንያት የሚያስረዳ ቢኖር ለመስማት ዝግጁ ነን።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የስቴጅ ሰንጠረዡ በስካን የተነሣ ምስል ሳይሆን በኮምፒውተር ሊነበብ የሚችል ፋይል ሆኖ ይግባ። የሁሉም ጉድጓድ በአንድ ቀን ይሟላ አንልም። ከዚህ በኋላ ፍራክ በሚደረጉትና እንደገና በሚሠሩት ጉድጓዶች ቢጀመር፣ ለአሮጌዎቹ ደግሞ ባለቤትነት ሲዛወር ሻጩ በእጁ ያለውን የማጠናቀቂያ መዝገብ እንዲያስገባ ቢታዘዝ ይበቃናል።

ከሰላምታ ጋር፣
በጉድጓድ ማጠናቀቅ ሥራ ላይ የተሰማራን አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
– በዊሊስተን፣ በዴንቨርና በሂዩስተን በሙያው ላይ ላሉ ወገኖቻችን
– በሼል ዘይት ጉድጓድ ላይ ድርሻ ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢዎች